የእማማ ስቴይና ማሞቂያ

እማማ ስቴይና ቶርኬልሰንን ብርድ ገደላቸው። እዚህ ዊኒፔግ ሐይቅ ዳር፣ እኛ ስቶርቪክ መንደር ውስጥ፣ ብርድ ሰው መግደሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን የሚገድለው ጠጥቶ መንገድ ላይ የቀረውን ወይም ሐይቁ ላይ መኪናው የቆመችበትን ነው። እሳቸው የሞቱት ሳሎናቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ካፖርት ለብሰውና ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንበው ነው። አጠገባቸው ባለችው ጠረጴዛ ላይ የሻይ ኩባያና ስልክ ነበሩ። ሻዩ በረዶ ሆኗል። ስልኩ ይሠራል፤ ግን አንስተው አልደወሉበትም።

ነገሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያቅለሸልሻል። ሬሳውን ማለቴ አይደለም፤ ሬሳውማ ንጹሕ ነበር፣ ፀጉሩ እንኳ ተበጥሮ። እማማ ስቴይና ዕድሜያቸውን በሙሉ ዓሣ መመዘኛው ቤት የሠሩ፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ፣ ሚዛን ላይ አውራ ጣቱን የሚያሳርፍ አጥማጅ ሲያዩ በሰው ፊት ልክ ልኩን የሚነግሩ ሴት ነበሩ። የሚያቅለሸልሸው ሌላው ነው፤ እሱን ሳልደርስበት ከወዲሁ አፌን አመረረው።

ሳጅን ኮሌት ዴጃርሌ ከወረዳው ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ግማሹ መንደር ደጃፉ ላይ ቆሟል። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሃምሳን የተጠጋች ሴት ናት። ከማዶኛው ሐይቅ ዳር ከአጥማጆች ቤት ስለተወለደች በረዶም ዓሣም አይደንቃትም። ብዙ አትናገርም። ሰው ሲዋሽ አታቋርጠውም፤ ዝም ብላ ታስጨርሰዋለች።

በሩ ላይ ቡቷን አወለቀች። እኛ ጋ ቤት ቢቃጠል እንኳ በቡት ዘው አይባልም። በካልሲዋ ሳሎን ገባች፣ ሬሳውን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ኩባያው ላይ ጎንበስ አለች። የበረዶው ጠርዝ ቀልጦ ዙሪያውን ውኃ ቋጥሯል። ወለሉ ላይ ወዳለው የአየር መውጫ እጇን ሰደደች። ሙቅ አየር እየወጣ ነው።

«ማሞቂያውን ማነው የለኮሰው?» ብላ ጠየቀች።

ሬሳውን ያገኙት ጎረቤታቸው ጋሽ ሃልዶር ሲቨርትሰን ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሚስታቸው ከሞተችባቸው ቆይቷል፤ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። መንደሩ በስማቸው ይምላል። በረዶ ባደረ ቁጥር ባለቤቱ ከእንቅልፉ ሳይነሳ ደጃፉን ጠርገውለት ይሄዳሉ፤ ምስጋናውን ደግሞ በኋላ ያገኙታል። አሁን ዓይናቸው ቀልቶ የገዛ ካልሲያቸውን እያዩ ቆመዋል።

«ማንም አልለኮሰው፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ወደ ምድር ቤት አልወረድኩም። በሩን ከፍቼ እሷን አየኋት። ደውዬላችሁ እዚሁ ቆምኩ።»

«ሲገቡ ይሠራ ነበር?»

«ጭጭ ብሎ ነበር። እናንተን ስጠብቅ ራሱ ተነሳ። ያ ማሽን እኮ እንዲህ እያደረገ ነው ክረምቱን ሙሉ ያሰቃያት፤ ይነሳል፣ ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር እኔን ትጠራኛለች፣ እኔ እመጣለሁ፣ አጥፍቼ አበራዋለሁ፣ ይነሳል። ያቺን ልጅ ስንቴ ጠራናት፣ ምን ፈየደች?»

«ያቺ ልጅ» የተባለችው ታንያ ኮቫሊክ ናት፤ ከጎረቤት ከተማ እየመጣች የመንደሩን ማሞቂያ ሁሉ የምትጠግን፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት። ክረምቱን ሦስቴ መጥታ ሦስቴም «ደህና ነው» ብላ ሄዳለች። ሳጅኗ ከቤቱ ሳትወጣ ደጅ የቆመው ሕዝብ ፍርዱን ጨርሷል፤ ሰው የገደለችው ታንያ ናት። ቀጣሪዋ በዚያው ጠዋት ከሥራ አገዳት። የጋዝ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም አንድ ሰው እንደሚልክ አስታወቀ፤ ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ፈቃዷ ይነጠቃል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ፍርድ ቤት አለ። ልጅቷ ሳጅኗ ጠርታት ስትመጣ አንዱ ጨዋ ነኝ ባይ መኪናዋ መስታወት ላይ ተፋባት። ምራቁ እዚያው በረዶ ሆኖ ተጣብቆ ቀረ። ማን እንደተፋ አውቃለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ወንበር ነው የሚቀመጠው።

ሳጅኗ ታንያን ይዛ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ታንያ የማሞቂያውን ክዳን ከፈተች፤ በመጀመሪያው ጊዜ እሳት መኖሩን የሚያውቀውን ዘንግ አጸዳሁ አለች፣ የአየር ማጣሪያውን ለወጥኩ። በሁለተኛው ውኃ የሚያወርደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ንፍጥ የመሰለ ነገር ስለነበር እሱን አጠብኩ። በሦስተኛው ደግሞ የአየር ግፊት ጠባቂዋን ማብሪያ በአዲስ ተካሁ። በየጊዜው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጠብቃዋለች፤ እሷ እያለች አንዴም አልጠፋም።

«ማሽኑ ራሱ ምን ይላል?» አለች ሳጅኗ።

«ይችን መብራት ያዩዋታል? ሲቸግረው በብልጭታ ይናገራል፣ ያለፈውንም ያስታውሳል። ሁሌ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ አየር አጣሁ ነው የሚለው።»

«አየር ሲያጣስ?»

«ጋዙን ይዘጋል። መዝጋቱ ደግ ነው፤ ባይዘጋ ጭሱ ሰው ይገድላል። ጥቂት ጊዜ ይሞክርና እምቢ ሲለው ቁጭ ይላል። ከዚያ በየሰዓቱ ብቻውን እንደገና ይሞክራል።»

«እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ብቻውን መነሳቱ አይገርምሽም።»

«መነሳቱስ አይገርመኝም» አለች ታንያ። «አየር ማግኘቱ ነው እንጂ። ሌሊቱን ሙሉ ያጣውን አየር ጠዋት ከየት አመጣው?»

አየሩ ከውጭ የሚገባበትን ቱቦ አይታው እንደሆነ ሳጅኗ ጠየቀቻት። ታንያ በመጣሁ ቁጥር አይቻለሁ አለች፤ ንጹሕ ነበር፤ ራሳቸው ጋሽ ሃልዶር ናቸው እጄን ይዘው ወስደው ያሳዩኝ።

ሁለቱ ነጭ ቱቦዎች ብቅ ያሉት በቤቱ ጀርባ፣ መንገዱ በማያየው በኩል ነው። አንዱ አየር ይስባል፣ አንዱ ጭስ ያወጣል። እስከ እነሱ ድረስ በአካፋ የተቆረጠ ቀጥ ያለ መንገድ አለ፤ ግራና ቀኙ በረዶው ወገብ ይደርሳል፣ ምንም አልረገጠውም። ሳጅኗ ጓንቷን አውልቃ ጣቷን አየር በሚስበው ቱቦ ውስጥ አዞረች። ስታወጣው ጥፍሯ ላይ የሚያንጸባርቁ ስስ ቅርፊቶች ተጣብቀዋል፤ ከሥራቸው ደግሞ የረጋ ልጋግ። አሸተተችው። ዓሣ አጥማጅ ያሳደጋት ሴት ሆና እንኳ ጣቷን በረዶው ላይ ደጋግማ ጠረገችው።

ከአጥሩ ቁጥቋጦ ወዲያ ቁራዎች ይጣላሉ። ሄዳ አባረረቻቸው። በረዶውን ጫረችና ግማሹ የተበላ ዓሣ አወጣች፤ አገላብጣ አየችው፣ ጅራቱን ትኩር ብላ አየችው፣ ፊቷን ቋጥራ በላስቲክ ከተት አደረገችው። አጠገቡ የቆዩ የዓሣ ጭንቅላቶችም ነበሩ፤ ቀበሮ ያኘካቸው።

ዓሣ ያለው ብሬንት ነው። የእማማ ስቴይና ወንድም ልጅ፣ በክረምት ከበረዶው ሥር መረብ የሚጥል፣ ያን ሰሞን ከአክስቱ ጋር ዓይንህን አልይ የተባባለ ጎልማሳ። ሳጅኗ ያገኘችው ወደቡ ላይ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲዘረግፍ ነው። ወለሉ አንጀትና ደም ነበር፤ በዚያ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ያፏጫል። አክስቱ ከሞቱ ግማሽ ቀን አልሞላም። ስታየው ማፏጨቱን አቆመ፤ እጁን ግን አላቆመም።

የአክስትህን ቤት ትመኝ እንደነበር ሰው ሁሉ ያወራል አለችው። አልካደም። ለወደቡ ቅርብ ነው፣ አክስቴ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ብትገባ ለእኔም ለእሷም ይበጅ ነበር አለ፣ ይህን ስላት ነው የተጣላነው። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠና ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«ዓሣ ትሰጣት ነበር?»

«ለሽማግሌዎቹ ሁሉ እሰጣለሁ። በላስቲክ አድርጌ በራቸው እጀታ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። እኛ ጋ ወጉ ነው።»

«ቱሊቢ ነው የምትሰጣት?» ቱሊቢ ማለት ትንሿ፣ ለስላሳዋ፣ ገበያ የማያነሳት ዓሣ ናት።

ብሬንት ሳይወድ ሳቀ። «ለአክስቴ? ፊቴ ላይ ነው የምትወረውረው። እሷ ውዱን ዓሣ፣ ፒክረል ብቻ ነው የምትበላው፣ ያውም አጥንቱ ወጥቶላት። ቱሊቢውን በባልዲ የሚወስዱት ጋሽ ሃልዶር ናቸው፣ በጭስ ያደርቁታል።»

ሳጅኗ ስለ ስልኩም ጠየቀችው፤ ማሞቂያው በጠፋ ቁጥር የምትደውል ሴት ያን ሌሊት ለምን አልደወለችም? ብሬንት ለመጨረሻ ጊዜ ያገኛት እሑድ እንደነበር ተናገረ። የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲስቅባት ሰምታ ቅስሟ ተሰብሮ ወጣች፣ መኪና ውስጥ ሳስገባት ከእንግዲህ ብሞት ለማንም አልደውልም አለችኝ አለ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ እሺ እንደፈለግሽ ብያት ሄድኩ። ሳጅኗ ሰው ያሳቀባት ማን እንደሆነ ጠየቀችው፣ መለሰላትም።

ጋሽ ሃልዶር ቤት ስትሄድ በሩን ሳይከፍቱ በመስታወቱ ውስጥ ወደ እግሯ አመለከቱ። ቡቷን አውልቃ የላስቲክ ትሪው ላይ ከእሳቸው ቡት ጎን አስቀመጠች። ወጥ ቤቱ ያብረቀርቃል፤ ወለሉ ላይ ፍርፋሪ የለም። ቡና ቀዱላት፣ ስስ ቂጣ በስኳር ጠቅልለው አቀረቡላት። ይህን መጋገር ያስተማረችኝ ስቴይና ናት አሉና ዓይናቸውን አበሱ። በረንዳው ላይ አንድ ባልዲ ነበር፤ ክዳኑ ሥር ምን እንዳለ ሽታው ይናገራል።

«ሰው በማሞቂያ ይሞታል?» አሉ። «ያቺ ልጅ እንጀራዋ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ሥራ አታውቅም። እኔ ባልኖር ስቴይና ያኔ በገና በዓል ሰሞን ነበር የምትሞተው።»

«ቱቦዎቹን የሚጠርጉት እርስዎ ነዎት አሉ።»

ጋሽ ሃልዶር ደረታቸው ነፋ አለ። «ጠዋትና ማታ፣ አንድ ቀን ሳላስታጉል። ሁለቱንም በእጄ ነው የማጸዳቸው። በሞተችበት ሌሊት እንኳ፣ ገና ሲመሽ ሄጄ አይቻለሁ።»

«ሌላ ሰው ነክቷቸው ይሆን?»

«ማን ሊነካቸው፣ ልጄ! መንገዱን የቆረጥኩት እኔ፣ በረዶው ላይ ያለው ዱካ የእኔ። ድመት ብታልፍ አውቃለሁ።»

ያን ሌሊት የት እንደነበሩ ስትጠይቃቸው በጊዜ ተኝቼ እስኪነጋ አልነቃሁም አሉ። ሳጅኗ ቡናዋን ጠጣች። ስኳር የነካው ማንኪያዋ ወደቀ፤ አነሳለሁ ብላ ጎንበስ ስትል ከስልኩ አጠገብ ካለው ወንበር ሥር፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ወለል ላይ፣ ነጭ የጨው ቅርጽ አየች፤ መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ነው። ሁለት ነው፣ ጎን ለጎን። ማንኪያውን አንስታ አመሰገነች፣ ትሪው ላይ ያለውን የሽማግሌውን ቡት ገልብጣ ሶሉን አየችና የራሷን ተጫምታ ወጣች።

በማግሥቱ ሁሉንም እማማ ስቴይና ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ጋሽ ሃልዶር፣ ብሬንትና ታንያ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውዬ ክራቫቱን እየነካካ ቆሟል፤ የታንያ ፈቃድ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ታንያ ከእሱ ዓይኗን አልነቀለችም። ምድር ቤት ማሞቂያው እየሠራ ነበር፤ ከወለሉ የሚወጣው ሙቀት ይሰማል።

«ከሻዩ ልጀምር» አለች ሳጅኗ። «እኔ ስደርስ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። ማሞቂያው ተነስቷል፣ የነካው ሰው ግን የለም። በዚህ ጋሽ ሃልዶርን አምናቸዋለሁ። ማሽኑ በየሰዓቱ ብቻውን ይሞክራል። ሌሊቱን ሁሉ ሲሞክር እምቢ አለው፣ ጠዋት እሳቸው ከመጡ በኋላ እሺ አለው። የተበላሸ ማሽን ሬሳ ሲገኝ አይድንም። ስለዚህ ብልሽቱ ማሽኑ ውስጥ አልነበረም፤ ውጭ ነበር፣ ጠዋት ደግሞ ሰው አነሳው። ታንያ፣ ብሬንት የሰጠሽን ይዘሽ ውጪ።»

ታንያ በላስቲክ የተጠቀለለች ቱሊቢ ይዛ በጓሮ ወደ ቱቦዎቹ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ከታች ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ እሳቱ ጠፋ፤ ነፋሱ ትንሽ ነፍሶ እሱም ቆመ። ቤቱ ጭጭ አለ። እማማ ስቴይና በመጨረሻው ማታ የሰሙት ያንን ዝምታ ነው። ታንያ እጇን እየጠራረገች ተመለሰች፣ ፊቷ ነጭ ሆኗል።

ሳጅኗ ከቦርሳዋ ሌላ ላስቲክ አውጥታ ጠረጴዛው መሀል አኖረች። ቁራ የበላው ዓሣ ነው። ሙቀቱ ነካ ሲያደርገው ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ሰውዬው ክራቫቱን ወደ አፍንጫው ወሰደ።

«ዓሣ ጠፍጣፋ ነው፣ እናንተ ታውቃላችሁ» አለች። «ይሄኛውን እዩት። እንደ ጠርሙስ ድቡልቡል ነው። ለስላሳ ሆኖ ቱቦ ውስጥ ተወትፎ እዚያው በብርድ የደረቀ ዓሣ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው። ጨርቅ ቢሆን ይገኛል፤ ዓሣ ግን አውጥተው ሲጥሉት ቀበሮና ቁራ ይጨርሱታል። ቅርፊቱ ግን ቱቦው ላይ ቀርቷል። ጅራቱ ላይ ደግሞ የፒንሳ ጥርስ ምልክት አለ። ቁራ ፒንሳ አይዝም።»

«ብሬንት ነው!» አሉ ጋሽ ሃልዶር። «ዓሣ ያለው እሱ ነው። ቤቷን ሲመኝ የኖረ እሱ ነው!»

አያችሁ? ትናንት ታንያ፣ ዛሬ ብሬንት። የሟቿ ወንድም ልጅ ፊታቸው ተቀምጦ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ጣታቸውን ቀሰሩበት። ብሬንት ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ሳጅኗ በእጇ አስቀመጠችው።

«ብሬንት ቱሊቢውን የሚሰጠው ለእርስዎ ነው። እሱም ይቅር፣ ባልዲ ማንም ሊሰርቅ ይችላል። ግን ወደ ቱቦው የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፣ ዱካውም የእርስዎ ብቻ ነው ብለውኛል። ማታ ሄደው እንዳዩት፣ ሁሌም በእጅዎ እንደሚያጸዱት ነግረውኛል። በየቀኑ እጁን ቱቦው ውስጥ የሚከት ሰው ዓሣውን ሳያይ አይቀርም። አላየሁም የሚለው እሱ ራሱ ያስገባው እንደሆነ ነው። እማማ ስቴይና ሲደውሉልዎ መጀመሪያ በጓሮ ዞረው ዓሣውን ይነቅላሉ፤ ከዚያ በበሩ ገብተው፣ ቡትዎን አውልቀው፣ ምድር ቤት ወርደው ማሽኑን አጥፍተው ያበራሉ። ይነሳል። ታንያ ስትመጣ ምን ታገኛለች? ንጹሕ ቱቦ ታገኛለች፣ ያውም እርስዎ እያሳዩዋት።»

«እኔ ተኝቼ ነበር» አሉ ጋሽ ሃልዶር።

«ከስልክዎ አጠገብ ካለው ወንበር ሥር የቡት ጨው አለ። እንግዳ በቡት የማያስገባ ሰው፣ በገዛ ወጥ ቤቱ ቡት አድርጎ፣ የቡቱ በረዶ ቀልጦና ደርቆ ጨው እስኪቀር ተቀምጧል። የሶሉ ቅርጽ የእርስዎ ቡት ነው። የተኛ ሰው ቡት አያደርግም። የሚያደርገው ስልክ እስኪጮህለት የሚጠብቅ ሰው ነው። ካፖርትዎ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ኪሱ ውስጥ ያለውን ላምጣው ወይስ ይነግሩኛል?»

ራሷ ሄዳ አመጣችው። ፒንሳ ነው። ጥርሱ መሀል ቅርፊት ደርቆበታል።

ከዚህ ወዲያ አንቱ አልለውም፤ አፌ እምቢ ይለኛል። ሃልዶር አለቀሰ። ያለቀሰው ግን ለራሱ ነው። መጀመሪያ ላይ በእውነት በረዶ ነበር አለ፤ በታኅሣሥ የበረዶ ውሽንፍር ጊዜ ቱቦው ተደፈነ፣ ስቴይና ደወለች፣ ሄጄ ጠረግሁላት። እጄን ያዘችኝ። ቂጣ ጋገረችልኝ፣ ቁጭ በል አለችኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ማንም ቁጭ በል ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ሌላ ውሽንፍር ጠበቅሁ፣ አልመጣ አለ።

«ምንም ክፉ አላሰብኩም» አለ። «መደወል ብቻ ነበረባት። ስልኩ እጇ ሥር ነው። አንዴ ብትደውል ኖሮ በደቂቃ እደርስላት ነበር።»

«ለምን እንዳልደወሉ ያውቃሉ?» አለች ሳጅኗ።

ሃልዶር አላወቀም። የነገረው ብሬንት ነው። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፁን ሳያነሳ ነገረው።

«እሑድ አዳራሹ ውስጥ፣ ቡና ሲጠጣ፣ ለሰዉ ሁሉ ምን አሉ? 'ስቴይና ማሽኑ ይጠፋል የምትለው እኔን ለማግኘት ነው፣ ያለ እኔ አንድ ሌሊት አታድርም' አሉ። ሰዉ ሳቀ። አክስቴ ከኋላዎ ኮቷን ለብሳ ቆማ ነበር። ያን ሰውዬ ሁለተኛ ከምጠራ ብርድ ይግደለኝ አለችኝ። እኔ ቀልድ መስሎኝ።»

የሳቀው ሰው ማን ነው? መንደሩ ነዋ። የታንያ መኪና መስታወት ላይ የተፋውም እዚያ ነበር፣ ጮክ ብሎ ነው የሳቀው። ሴትዮዋ እውነታቸውን ነበር። ማሽኑ ይጠፋል ሲሉ ይጠፋ ነበር፤ እኛ አርጅታለች፣ ሰው ናፍቋት ነው እያልን ተጠቃቀስን። ሳስበው የሁላችንም ነገር ይቀፈኛል።

ፈቃድ የያዘው ሰውዬ ካርዱን ወደ ታንያ ገፋላት። አነሳችውና ኪሷ ከተተችው፤ አላመሰገነችውም፣ ማመስገንም የለባትም። ሳጅኗ ሃልዶርን ተነሱ አለችው። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የቡቱን ገመድ ማሰር ጀመረ፣ በቀስታ፣ አስተካክሎ። እሷ ከላዩ ቆማ ትጠብቀዋለች።

«አንድ ነገር ይቀረኛል» አለችው። «ስልኩ ሳይጮህ ሌሊቱ ሲሄድ አይተዋል። ቅዝቃዜውን ያውቁታል። ቡትዎ እግርዎ ላይ ነው፣ በራቸው አፍንጫዎ ሥር ነው። ለምን አልሄዱም?»

ሃልዶር ቀና ብሎ አያት። ጥያቄው ከልቡ አልገባውም።

«ሳትጠራኝ?» አለ።

ብሬንት ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሮጦ አስመለሰ። ታንያ በጓሮ ዞራ ዓሣውን ከቱቦው ነቀለችውና ወደ ምድር ቤት ወርዳ ማሞቂያውን አጥፍታ አበራችው፤ ተነሳ። ከዚያ ሽታው እንዲወጣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች። እኔ ከዚያ ወዲህ ደጃፌን ራሴ ነው የምጠርገው።